ቪዲዮው ለምን አይከፈትም? ፋይል ስንቀይር የሚገጥሙን ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው



ከእንዳ ኢየሱስም ሆነ ከዓዲ ሓቂና ከዓይደር ግቢዎች ወደ ሚዲያ ክፍላችን በፍላሽ ከሚመጡት ጥያቄዎች የሚበዛው አንድ ነው፤ «ይህን ቪዲዮ ኮንቨርት አድርጉልኝ።» ለምን ብለን ስንጠይቅ መልሱ ይለያያል። አንዱ ድምፅ የለውም ይላል። ሌላው ስልኬ አልከፍትም አለኝ ይላል። ሌላዋ ደግሞ ፍላሹ አልቀበለውም ትላለች። ፋይሎቹን ስንመረምራቸው ብዙዎቹ ኮንቨርት መደረግ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው ሌላ ትንሽ ነገር ነው፤ አለቦታው ኮንቨርት ሲደረጉ ግን ይጎዳሉ። በዚህ እትማችን ልናስረዳ የፈለግነውም ይህንኑ ነው፤ ኮንቨርት ማድረግ የመጀመሪያ ሳይሆን የመጨረሻ እርምጃ ነው።

ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ እንዳይመስለን። በየቤታችን ያሉት ፋይሎች ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሸኾች ሙሐደራ አለ፤ በሲዲ የተሸጡ የድሮ መንዙማዎች፣ የወላጆቻችን ኒካሕ፣ የቀደሙን ተማሪዎች የምርቃት ዝግጅት አለ። በጦርነቱ ጊዜ ኢንተርኔትና ስልክ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት በስልክና በሜሞሪ ላይ ያልነበረ ፋይል ለእኛ እንደሌለ የሚቆጠር ነበር። በነጋሽ የሚገኘው የአል-ነጃሺ መስጂድ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበታል። ከዚያ በፊት መስጂዱን የቀረጸ ሰው ዳግም ሊቀረጽ የማይችል ምስል ይዟል። ያ ሰው «ሜሞሪዬ ሞላ» ብሎ ቪዲዮውን አሳንሶ ዋናውን ቢያጠፋው የጠፋው የእርሱ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ፋይል አማና ነው።

አገልግሉና ምግቡ

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ሁለት ነገሮችን ከመለየት ነው። ኤምፒ 4፣ ኤምኬቪ፣ ኤቪአይ፣ ሞቭ፣ 3 ጂፒ የምንላቸው የፋይል ስሞች የመያዣ ስሞች ናቸው። መያዣውን እንደ አገልግል አስቡት። በውስጡ ምስሉ አለ፣ ድምፁ አለ፣ አንዳንዴም የግርጌ ጽሑፍ አለ። ምስሉና ድምፁ የተጨመቁበት ዘዴ ደግሞ ኮዴክ ይባላል፤ ይህ የምግቡ አሠራር ነው። ለምስል ኤች 264፣ ኤች 265 እና ኤምፔግ 2፤ ለድምፅ ኤኤሲ፣ ኤምፒ 3 እና ኤሲ 3 በብዛት የምናገኛቸው ኮዴኮች ናቸው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሁለት ፋይሎች ሁለቱም ኤምፒ 4 ሆነው አንዱ በስልካችሁ ሊከፈት፣ ሌላው ላይከፈት ይችላል፤ አገልግሉ አንድ ዓይነት ቢሆንም በውስጡ ያለው ምግብ ይለያያልና። ሁለተኛ፣ ችግሩ የአገልግሉ ከሆነ ምግቡን እንደገና ማብሰል አያስፈልግም፤ ወደ ሌላ አገልግል መገልበጥ ብቻ ይበቃል። መገልበጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ከጥራቱም ምንም አይቀንስም። እንደገና ማብሰል ግን ሰዓታት ይወስዳል፤ ጥራቱንም ይቀንሳል።

የፋይሉን የመጨረሻ ፊደላት ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ 4 በእጅ መቀየር ደግሞ ከሁለቱም አንዱ አይደለም። አገልግሉ ላይ የተለጠፈውን ስም መቀየር ብቻ ነው፤ ውስጡ እንደነበረ ይቀራል።

በእያንዳንዱ ቅየራ ለምን ጥራት ይጠፋል?

ቪዲዮ ሲጨመቅ ምስሉ ወደ ትናንሽ ካሬዎች ይከፋፈላል። ከዚያም የእያንዳንዱ ካሬ ይዘት ዓይን በቀላሉ ወደሚያስተውላቸው ሰፋፊ ለውጦችና ዓይን ብዙ ወደማያስተውላቸው ረቂቅ ዝርዝሮች ይለያል። ረቂቆቹ ይጣላሉ ወይም ይጠጋጋሉ፤ ፋይሉ የሚያንሰውም በዚህ ነው። የዚህ ስሌት መሠረት ዲስክሪት ኮሳይን ትራንስፎርም ይባላል። ሐሳቡን ያቀረበው በሕንድ ተወልዶ በአሜሪካ በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ናሲር አሕመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ለምርምሩ የገንዘብ ድጋፍ ጠይቆ አልተፈቀደለትም ነበር። ሥራውን ግን አልተወም፤ ከናታራጃንና ከራኦ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተመው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳው የጄፔግ ፎቶ፣ የዲቪዲ ፊልም፣ የኤች 264 ቪዲዮ ሁሉ በዚህ ዘዴ ወይም ከእርሱ በተወለዱ ዘዴዎች ላይ የቆሙ ናቸው።

አንድ ጊዜ የተጣለው ዝርዝር አይመለስም። የተጨመቀውን ቪዲዮ እንደገና ስንጨምቀው ከቀረው ላይ ሌላ እንጥላለን። ሦስት አራት ጊዜ የተቀየረ ቪዲዮ ላይ ፊቶች እንደ ሰም የሚለሰልሱት፣ ካሬዎቹም ለዓይን የሚታዩት ለዚህ ነው። ትንሹን ቪዲዮ ወደ 1080 ማሳደግም የጠፋውን አይመልስም፤ የሚያድገው የፋይሉ መጠን ነው።

ከመንካታችን በፊት

መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጉ፤ የምትሠሩት በኮፒው ላይ ብቻ ይሁን። ቀጥሎ በላፕቶፕ ላይ በቪኤልሲ ክፈቱት። ቪኤልሲ ነፃ ነው፤ አብዛኞቹን ኮዴኮችም በራሱ ውስጥ ይዟል። በቪኤልሲ በደንብ ከሠራ ፋይሉ ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው በስልኩ ወይም በቴሌቪዥኑ ማጫወቻ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ቪኤልሲን ስልኩ ላይ መጫን ብቻውን መፍትሔ ይሆናል።

ከዚያም ቪኤልሲ እየተጫወተ ሳለ ኮንትሮልና ጄ ቁልፎችን አብራችሁ ተጫኑ። የምስሉና የድምፁ ኮዴክ፣ ስፋቱና በሴኮንድ ያለው የፍሬም ብዛት ይዘረዘራል። ይህን ሳያዩ ኮንቨርት ማድረግ ሕመሙን ሳይጠይቁ መድኃኒት እንደመስጠት ነው።

ችግር አንድ፦ ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጥቁር ነው

አብዛኛውን ጊዜ ምስሉ በኤች 265 የተጨመቀ ነው፤ ሄቪሲ ተብሎም ይጠራል። ይህ ኮዴክ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሲሆን ተመሳሳይ ጥራትን ከኤች 264 ባነሰ ቦታ ይይዛል። የቆዩ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች ግን አያውቁትም። አይፎኖች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዚህ ኮዴክ መቅረጽ ስለጀመሩ ችግሩ በብዛት የሚመጣው አይፎን ካለው ጓደኛ በተላከ ቪዲዮ ነው።

በዚህ ጊዜ እንደገና መጨመቅ የግድ ሊሆን ይችላል። ሃንድብሬክ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ተጠቀሙ፤ መያዣው ኤምፒ 4፣ የምስሉ ኮዴክ ኤች 264፣ የድምፁ ኤኤሲ ይሁን። ለወደፊቱ ደግሞ ቀራጩ በአይፎኑ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ ገብቶ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ቢመርጥ ችግሩ ከምንጩ ይደርቃል።

ችግር ሁለት፦ ምስሉ አለ፣ ድምፁ የለም

እዚህ ላይ ጥፋቱ የድምፁ ኮዴክ ነው። ኤሲ 3 ወይም ዲቲኤስ ከሆነ ብዙ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች አያጫውቱትም። ስለዚህ ምስሉን ሳንነካ ድምፁን ብቻ እንቀይራለን። አቪዴመክስ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ፋይሉን ክፈቱ፤ በቪዲዮ ቦታ «ኮፒ»፣ በኦዲዮ ቦታ ኤኤሲ፣ በመጨረሻው ቦታ የኤምፒ 4 መያዣ መርጣችሁ አስቀምጡ። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ የምስሉም ጥራት እንዳለ ይቆያል።

ይህንኑ በሃንድብሬክ ብትሠሩ ምስሉም አብሮ እንደገና ይጨመቃል፤ ሃንድብሬክ ምስልን እንዳለ ማሳለፍ አይችልምና። የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ መለየት ግማሹ መፍትሔ ነው።

ችግር ሦስት፦ ድምፁና ከንፈሩ አይገጥምም

መጀመሪያ አንድ ነገር አረጋግጡ፤ ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው ወይስ እየሰፋ ይሄዳል? በቪኤልሲ ጄ እና ኬ ቁልፎች ድምፁን ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሳሉ። በአንድ ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ከገጠመ የሚያስፈልገው ድምፁን በዚያው መጠን ማንሸራተት ብቻ ነው፤ አቪዴመክስ ላይ ለዚህ «ሺፍት» የሚል ቦታ አለ።

መጀመሪያ ገጥሞ ኋላ የሚለያይ ከሆነ ግን ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የፍሬም ብዛቱ አለመርጋት ነው። ስልክ ሲቀርጽ ብርሃን ሲያንስ ወይም ስልኩ ሲግል በሴኮንድ የሚያነሳውን ፍሬም አንዴ 30፣ አንዴ 24 ያደርገዋል። አንዳንድ የኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች ሁሉንም 30 ነው ብለው ስለሚቆጥሩ ድምፁ እያደር ይለያያል። የማታ ዝግጅቶቻችን ላይ ይህ ችግር የሚበዛውም ለዚህ ነው። መፍትሔው ወደ ኤዲቲንግ ከመግባታችሁ በፊት በሃንድብሬክ «ኮንስታንት ፍሬምሬት» መርጣችሁ ማለፍ ነው። ከኤዲቲንግ በኋላ ለማስተካከል መሞከር ግን ብዙ ያደክማል።

ችግር አራት፦ ፋይሉ ጨርሶ አይከፈትም

መብራት ሲጠፋ ወይም ባትሪ ሲያልቅ ቀረጻ ላይ የነበረ የኤምፒ 4 ፋይል ብዙ ጊዜ አይከፈትም። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ኤምፒ 4 የት ቦታ ምን እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ የሚጽፈው በአብዛኛው ቀረጻው ሲያልቅ ነው። መሣሪያው በድንገት ከጠፋ ምስሉ ተቀምጧል፣ ማውጫው ግን የለም። ፋይሉ ማውጫውና የገጽ ቁጥሩ የተገነጠለ ኪታብ ይመስላል።

እንዲህ ሲሆን ፋይሉን አታጥፉ፤ በሜሞሪው ላይም ሌላ ነገር አትቅረጹ። መጠኑን እዩ። ዜሮ ከሆነ የሚጠገን ነገር የለውም። በመቶ ሜጋባይት የሚቆጠር ከሆነ ግን ተስፋ አለ። አንትረንክ የተባለ ነፃ መሣሪያ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ሴቲንግ የተቀረጸ ጤነኛ ቪዲዮ እንደ ናሙና ወስዶ ማውጫውን እንደገና ለመሥራት ይሞክራል። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ብዙ ጊዜ ግን ያድናል። ይህን ፋይል ወደ ኮንቨርተር ማስገባት ግን አይጠቅምም፤ ኮንቨርተሩም እንደ ማጫወቻው ሁሉ ማውጫውን ይፈልጋልና።

በላፕቶፕ በኦቢኤስ የምትቀርጹ ሁሉ ቀረጻውን በኤምኬቪ አድርጉት። ኤምኬቪ መብራት ቢጠፋም እስከዚያች ደቂቃ ያለውን ያተርፋል። ሲያልቅ ፋይል የሚለው ውስጥ «ሪማክስ ሪከርዲንግስ» በሚለው ወደ ኤምፒ 4 ትገለብጡታላችሁ፤ ከጥራቱ ምንም አይጎድልም።

ችግር አምስት፦ የድሮ ሲዲና ዲቪዲ

የመንዙማና የኒካሕ ዲስኮች ወደ ስልክ ሲገቡ ሦስት ነገር ይበላሻል።

አንደኛው መቆራረጥ ነው። ዲቪዲ አንዱን ዝግጅት እስከ 1 ጊጋባይት በሚደርሱ የቮብ ፋይሎች ይከፋፍለዋል። እያንዳንዱን ለየብቻ ኮንቨርት ማድረግ መገጣጠሚያው ላይ ድምፅና ምስል ያጎድላል። ሙሉውን ፎልደር ወደ ላፕቶፕ ገልብጡና ሃንድብሬክ ላይ ፎልደሩን እንዳለ ክፈቱት።

ሁለተኛው ሰው ሲንቀሳቀስ ዳሩ ላይ የሚታየው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መስመር ነው። ለድሮው ቴሌቪዥን ሲባል ብዙ ቀረጻዎች ጎዶሎና ሙሉ መስመሮችን በተራ ያነሱ ነበር፤ ኢንተርሌስ ይባላል። ሃንድብሬክ ላይ በፊልተርስ ውስጥ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን ክፈቱ።

ሦስተኛው ሰዎች ቀጥነው ወይም ወፍረው መታየታቸው ነው። በእኛ አገር የተለመደው የፓል ዲቪዲ 720 በ576 ነጥብ ቢሆንም የሚታየው በ4 ለ3 ወይም በ16 ለ9 ልክ ነው። ኮንቨርተሩ ይህን ሲረሳ ፊቱ ይዛባል። መጠኑን በእጅ ከመጻፍ ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲወስን ተዉት። ቪሲዲ ከሆነ ደግሞ 352 በ288 ብቻ ነው፤ ወደ ትልቅ መጠን አትጎትቱት።

ችግር ስድስት፦ ወይ በጣም ትልቅ ነው፣ ወይ ካሬ ካሬ ሆነ

የፋይል መጠን በቀላል ሒሳብ ይታወቃል፤ በሴኮንድ የሚፈሰው ቢት በሴኮንዶቹ ብዛት ይባዛል፣ ለ8 ይካፈላል። ምሳሌ እንውሰድ። ስልካችሁ በሴኮንድ 17 ሜጋቢት ቢቀርጽ የ2 ሰዓት ሙሐደራ 15.3 ጊጋባይት ይሆናል። ተናጋሪው አንድ ቦታ ቆሞ የሚናገር ከሆነ ምስሉን ወደ 1.5 ሜጋቢት፣ ድምፁን ወደ 128 ኪሎቢት ብናወርደው 1.47 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በ720 መጠን ከሆነ ደግሞ ለማየት የሚመች ነው። ድምፁን ብቻ በ64 ኪሎቢት ብናወጣው 58 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለደርስ ብዙ ጊዜ ይህ በቂ ነው፤ የዳታ ፓኬጅ ለሚቆጥብ ተማሪም ትልቅ እፎይታ ነው።

መጠኑ ካልተወሰነባችሁ ቢትሬቱን በእጅ ከመጻፍ ሃንድብሬክ ላይ «አርኤፍ» የሚለውን ከ20 እስከ 23 አድርጉት። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ያድጋል። ቪዲዮ ማሳጠር ብቻ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሎስለስከት የተባለው መሣሪያ ሳይጨምቅ ይቆርጣል።

ችግር ሰባት፦ ፍላሹ ቦታ እያለው «አይበቃም» ይላል

ፍላሹ 32 ጊጋባይት ሆኖ 5 ጊጋባይት ፋይል አልቀበልም ካለ ፋት 32 በተባለው አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ነው፤ ይህ አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይይዝም። ቪዲዮውን መጭመቅ ሳይሆን በፍላሹ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ነው መፍትሔው። ፎርማት ሁሉንም እንደሚያጠፋ አትርሱ። አንዳንድ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ኤክስፋትን ስለማያነቡ ለእነርሱ ቪዲዮውን ሳይጨመቅ ለሁለት መቁረጥ ይሻላል።

ችግር ስምንት፦ የግርጌ ጽሑፉ ሳጥን ወይም ዝብርቅርቅ ሆነ

የአማርኛ ትርጉም ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት አላገኘም ማለት ነው፤ ቪኤልሲ ላይ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ፎንትን ምረጡለት። ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ከሆነ ደግሞ የፋይሉ ኢንኮዲንግ ተሳስቷል፤ በኖትፓድ ከፍታችሁ ጽሑፉ ትክክል ከታየ «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ዩቲኤፍ 8 ምረጡ። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በቀድሞው የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ በዚህ መንገድ አይስተካከልም፤ በመቀየሪያ ማለፍ ወይም እንደገና መጻፍ አለበት። የዐረብኛ ጽሑፍ ሲዘበራረቅ ቪኤልሲ ላይ ዊንዶውስ 1256 የሚለውን ኢንኮዲንግ ሞክሩ።

ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም እንደገና መጨመቅን ይጠይቃል። የጽሑፉን ፋይል ልክ በቪዲዮው ስም ሰይማችሁ እዚያው ፎልደር ብታስቀምጡት ቪኤልሲ ራሱ ያነሳዋል። በሐዲስና በአንቀጽ ትርጉም ላይ ስሕተት ቢገኝም ማረም የሚቻለው ጽሑፉ ለብቻው ሲቀመጥ ነው።

ስንልክና ስናስቀምጥ

ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ የተላከ ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል የተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። የአንድ ፋይል ገደቡም ለነፃ ተጠቃሚ 2 ጊጋባይት ነው። ስለዚህ ለጀመዓው መዝገብ የምትልኩትን ሁልጊዜ እንደ ፋይል ላኩ። ከግሩፕ ወርዶ፣ ተቆርጦ፣ ተመልሶ የተጫነ ኮፒን ዋና አድርጋችሁ አትያዙ፤ ቀራጩን ፈልጉና ከእርሱ ተቀበሉ።

ዋናው ፋይል እንደተቀረጸ ይቀመጥ፤ ለስልክና ለቴሌግራም የሚሆነው ትንሹ ኮፒ ለብቻው ይሠራ። ዋናውም ቢያንስ ሁለት ቦታ ይኑር፤ አንዱ በሃርድ ዲስክ፣ ሌላው በሌላ ሰው ቤት። በስሙም ላይ ቀኑ፣ ቦታውና ተናጋሪው ይጻፍ። አዲሱን ኮፒ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታዩ ዋናውን አታጥፉ፤ መጀመሪያው ደህና ሆኖ መጨረሻው ድምፅ አልባ የሆነ ኮፒ ብዙ ነውና።

ወደ ሚዲያ ክፍላችን ፋይል ስታመጡም «ኮንቨርት አድርጉልኝ» ከማለት ይልቅ በምን መሣሪያ እንደተቀረጸ፣ የት እንዳልሠራና ቪኤልሲ ላይ ምን እንዳሳየ ንገሩን። መልሱ ያኔ የደቂቃ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ። በቤታችሁ ያሉ የሸኾቻችንና የወላጆቻችን ዲስኮች ካሉ ደግሞ በዚህ ክረምት ወደ ቤት ስትሄዱ ሳይጫጫሩ ገልብጧቸው። አላህ ሥራችንን ይቀበለን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።